ከቦሌ እስከ አዋሽ፤ ስለ ታናሹ የግድግዳ እንሽላሊት

መንገደኛ በአገር ውስጥ ሲዘዋወር ዓይኑን የሚስበው አብዛኛውን ጊዜ ታላቁ ነገር ነው። ተራራውንና ሐይቁን፣ አንበሳውንና አጋዘኑን አይቶ ይደነቃል፤ ወደ ቤቱም ሲመለስ ለቤተ ሰቡ ያወራል። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚያድረውን፣ ርዝመቱ ከጣት ብዙ የማይበልጠውን ፍጥረት ግን ሳያየው ያልፋል፤ ቢያየውም ጫማውን አንሥቶ ይመታዋል እንጂ ቆሞ አይመረምረውም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ነገር ስለዚህ ስለ ተናቀው ፍጥረት ነው። ይኸውም የውጭ አገር ሊቃውንት ጌኮ እያሉ የሚጠሩት፣ በእኛ ቋንቋ ግን ከዘመዶቹ ሳይለይ በደፈናው እንሽላሊት የሚባለው፣ በሌሊት በግድግዳና በጣራ ላይ የሚመላለሰው ታናሽ ነፍስ ነው።

ጕዞአችንን ከቦሌ የምንጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛው ምክንያት ቦሌ የአገራችን የአየር በር ስለ ሆነ ነው፤ በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር የሚሄደውና ከውጭ የሚመጣው ሰውና ዕቃ ከሁሉ ይበልጥ በዚህ በር ያልፋል። የታናናሾቹ ፍጥረታት ዕድልም በእንደዚህ ያለ በር ላይ የሚወሰንበት ጊዜ እንዳለ ወደ ኋላ እናሳያለን። ሁለተኛው ምክንያት ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ ደጋውን ከቆላው የሚያገናኝ ስለ ሆነ ነው። ይህን መንገድ ተከትሎ የሚሄድ ሰው የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ የእንስሳቱም ዐይነት እንዴት አብሮ እንደሚለወጥ በገዛ ዓይኑ ሊያይ ይችላል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ዛሬ ቦሌ የምንለው ሜዳ ከከተማው ርቆ የሚገኝ የእርሻና የግጦሽ ምድር ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓመታት ከልደታ ወደዚህ ሜዳ ከተዛወረ በኋላ ከተማው ፊቱን ወደ ምሥራቅ መለሰ። ዛሬ ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከቡልቡላ እስከ ቦሌ አራብሳ ድረስ ያለው ምድር በኮንዶሚኒየምና መስተዋት በለበሰ ፎቅ ተሞልቷል። በስተ ሰሜን የየካ ተራራ ባሕር ዛፉን ተጐናጽፎ ይታያል፤ በዚያም ከአንድ ዐለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል የየረር ተራራ ከሜዳው መካከል ብቻውን ተነሥቶ ቆሟል። በዚህ ሁሉ መካከል የቀበናና የቡልቡላ ወንዞች ሸለቆአቸውን ይዘው ወደ ታላቁ አቃቂ ይወርዳሉ።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ አለው። ለሰው ይህ ከፍታ የጤናና የምቾት አገር ነው። ለጌኮ ግን እንዲህ አይደለም። የእንሽላሊት ወገን ሁሉ እንደ ሰውና እንደ ከብት በውስጡ እሳት የሚያነድ ፍጥረት አይደለምና የሰውነቱ ሙቀት የሚመጣለት ከፀሓይ፣ ከድንጋይና ከአየር ነው። በቀን የሚሠራው እንሽላሊት ጧት ወጥቶ በካብ ላይ ተኝቶ ፀሓይ ይሞቃል፤ ሰውነቱ ሲግል ምግቡን ያድናል፤ ማታ ሲበርድ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ጌኮ ግን አብዛኛው ወገኑ የሌሊት ሠራተኛ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ ሰውን ድርብ ጋቢ ሲያስለብስ፣ ፀሓይ የማይሞቀው ይህ ታናሽ አዳኝ በምን ሙቀት ይሮጣል? ስለዚህ የጌኮ ወገን በደጋው ምድር የተስፋፋ አይደለም፤ ዋናው አገሩ ቆላውና ወይና ደጋው ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር መናገር ተገቢ ነው። እንቍላል ለሚጥል ፍጥረት የብርድ አገር ሁለተኛ ፈተና አለበት፤ እንቍላሉ በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ቶሎ አይፈለፈልም። የደጋችን እስስት፣ ያ በጓሮ አጥርና በቀጋ ቍጥቋጦ ላይ ቀስ እያለ የሚራመደው የጌኮ ሩቅ ዘመድ፣ ይህን ፈተና በብልሃት አልፎታል። እንቍላሉን በአፈር ውስጥ አይቀብርም፤ እናቲቱ በሆዷ ይዛ ፀሓይ እየሞቀች ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። ጌኮዎች ግን ሁለት ሁለት እንቍላል በስንጥቅ ውስጥ መጣል በብዙ አገር ልማዳቸው ነው። ነገር ግን እጅግ ብርዳም በሆነችው በኒው ዚላንድ ደሴት የሚኖሩት ጌኮዎች እንደ እኛ እስስት በሕይወት ይወልዳሉ። እርስ በርሳቸው በውቅያኖስ የተለያዩ ሁለት ፍጥረቶች ለአንዱ ችግር አንድ መፍትሔ ማግኘታቸው ተፈጥሮን ለሚመረምር ሰው ታላቅ ትምህርት ነው።

እንግዲህ ከቦሌ እንውረድ። መንገደኛው በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ወጥቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 አገልግሎት በጀመረው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ቢጓዝ፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፎ ባጭር ጊዜ አዳማ ይደርሳል። ፈረንሳዮች የሠሩት አሮጌው ምድር ባቡርም በዚሁ አቅጣጫ ይወርድ ነበር፤ ያ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያ ባቡር ይጓዙ የነበሩ ሰዎች ልብሳቸውን አንድ በአንድ እያወለቁ ይወርዱ እንደ ነበር ሲያወሩ የሰማ ብዙ ነው። መጀመሪያ ካፖርቱ፣ ቀጥሎ ኮቱ፣ በመጨረሻም ክራቫቱ ይወልቃል። ጋቢውና ካፖርቱ ከሰው ትከሻ የሚወርድበት ስፍራ ጌኮ ከስንጥቁ መውጣት የሚጀምርበት ስፍራ ነው ብንል ከእውነቱ እጅግ አንርቅም።

ከአዳማ በታች አገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ባሕር ዛፉ ያንሳል፤ ግራሩ ይበዛል፤ አፈሩ ጥቍር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሆናል። በመተሐራ አጠገብ የፈንታሌ ተራራ ቆሟል፤ ይህ ተራራ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ እሳት የተፋ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የፈሰሰው ቀልጦ የረጋ ድንጋይ እስከ ዛሬ ሣር ሳያበቅል ተሰነጣጥቆ ይታያል። ከዚያም ቀጥሎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በዚያ ሰው ሳላውንና ከርከሮውን ለማየት ይሄዳል፤ የአዋሽን ፏፏቴና ገደል አይቶ ይመለሳል። ገደሉ ግን ለአንድ መንገደኛ ገደል ቢሆንም ለጌኮ ታላቅ ከተማ ነው። እያንዳንዱ ስንጥቅ ቤት፣ እያንዳንዱ የድንጋይ ጥላ አደባባይ ነው። ቀን ፀሓይ የጠጣው ድንጋይ ሌሊቱን ሙቀቱን ቀስ በቀስ ስለሚተፋ፣ ጌኮው በእሳት ዳር እንደ ተቀመጠ ሰው ሆኖ ምግቡን ይጠብቃል።

ሲመሽ በአዋሽ፣ በመተሐራ ወይም በድሬ ዳዋ ከተማ በረንዳ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ዓይኑን ወደ አምፑሉ ቢያቀና የሌሊቱን አደን ያለ ድካም ያያል። የእሳት ራቱና ትንኙ ወደ ብርሃኑ ሲሰበሰብ፣ አመድማ መልክ ያለው ታናሽ እንሽላሊት ከቆርቆሮው ሥር ብቅ ይላል። ለጥቂት ጊዜ እንደ ሞተ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያም ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ዘልሎ አንዱን ይውጣል። በኮርኒስ ላይ ተገልብጦ ሲሄድ አይወድቅም፤ በመስተዋት ላይ ሲወጣ አይንሸራተትም። ይህ ነገር የጥንት ሊቃውንትን ሲያስደንቅ የኖረ ነው፤ አርስጣጣሊስ እንኳ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ጌኮ በዛፍ ላይ ሽቅብና ቍልቍል መሄዱን አንሥቶ ነበር።

ብዙ ሰው የጌኮ እግር እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ወይም እንደ አፍ አየር የሚስብ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ኬላር ኦተም የሚባለው አሜሪካዊ ሊቅና ባልደረቦቹ የአንዲቱን የእግር ጠጕር ኃይል ለብቻዋ ለክተው የምርመራቸውን ውጤት አወጡ። በትልቁ የእስያ ጌኮ በእያንዳንዱ እግር ሥር ወደ 500,000 የሚደርሱ በዓይን የማይታዩ ጠጕሮች አሉ፤ የእያንዳንዱም ጠጕር ጫፍ በመቶዎች ወደሚቈጠሩ ታናናሽ ቅርንጫፎች ይከፈላል። እነዚህ ጫፎች ወደ ግድግዳው እጅግ ስለሚጠጉ፣ ማናቸውም ሁለት ነገሮች በጣም ሲቀራረቡ በመካከላቸው የሚፈጠረው ደካማ መሳሳብ በብዛቱ ኃይለኛ ይሆናል። አንዱ ክር ምንም አይደለም፤ ብዙው ክር ግን ነፍስን ተሸክሞ በጣራ ላይ ያስኬዳል። መላቀቅ ሲፈልግ ጣቱን ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ ይገለብጠዋል፤ ይህንንም በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል።

የሌላውም አካሉ ሥራ ከእግሩ አያንስም። ከጌኮዎች አብዛኞቹ የሚከደን ቆብ በዓይናቸው ላይ የላቸውም፤ ዓይናቸውን የሚሸፍነው እንደ መስተዋት የጠራ ቆዳ ነው፤ አቧራ ሲያርፍበት በምላሳቸው ይጠርጉታል። ጠላት ጅራቱን የያዘው እንደ ሆነ ጅራቱን ቈርጦ ጥሎ ያመልጣል፤ የወደቀው ጅራት እየተወራጨ ጠላቱን ሲያታልል ባለቤቱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ጅራቱ በኋላ ይበቅላል፤ ነገር ግን በአከርካሪ አጥንት ፈንታ ለስላሳ አጥንት ብቻ ይዞ ነው። ጅራቱ የስብ ጐተራው ስለ ሆነ ይህን መጣል ለእርሱ ርካሽ ነገር አይደለም፤ ልጆች ለጨዋታ ብለው ጅራቱን ሲያስቈርጡት የክፉ ቀን ስንቁን እንደ ቀሙት ሊያውቁት ይገባል። ከእንሽላሊቶችም መካከል ድምፅ አውጥቶ መናገር የተሰጠው ይልቁንም ለጌኮ ነው፤ ስሙም ራሱ ከእስያው ጌኮ ድምፅ የተወሰደ ነው።

በአገራችን የሚገኘው የጌኮ ወገን አንድ ብቻ አይደለም። ሊቃውንት ሄሚዳክቲሉስ፣ ትርጓሜውም ግማሽ ጣት፣ የሚሉት ወገን በቆላው ቤትና ድንጋይ ላይ በብዙ ዐይነት ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዝሆን በገደለው በኢጣልያዊው ልዑል በኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ስም ተጠርቷል፤ ልዑሉ የሰበሰባቸውን ተሳቢ እንስሳት ከሞተ በኋላ መርምሮ በ1896 ዝርዝራቸውን ያወጣው ቡሌንዤ የተባለው የለንደን ሙዚየም ሊቅ ነው። ሌላው የአሜሪካዊውን መንገደኛ የዶናልድሰን ስሚዝን ስም ይዟል። ጣቶቹ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉትና በዐለት ላይ የሚኖረው አንዱ ወገን ደግሞ በምኒልክ ዘመን በሸዋ በልጥ ማረፊያ በነበረው ኢጣልያዊ ሐኪም በራጋዚ ስም ይጠራል። እነዚህ ሰዎች በአገራችን ያለፉት ጥቂት ዘመን ነው፤ ስማቸው ግን በታናሽ እንሽላሊት ጀርባ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። የሁሉንም ታሪክ በአንድነት ሰብስቦ የያዘው መጽሐፍ ማልኮልም ላርገንና ስቲቭን ስፖልስ በ2010 በአውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙት ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ ተሳቢ እንስሳትና እንቍራሪቶች የሚናገረው ነው።

ከሁሉም የሚያንሱት ሊጎዳክቲሉስ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ከወገናቸው ልማድ ወጥተው በቀን የሚሠሩ፣ በዛፍ ግንድ ላይ የሚኖሩ፣ በእግራቸው ብቻ ሳይሆን በጅራታቸው ጫፍ ሥር ባለው መጣበቂያ ጭምር የሚይዙ ናቸው። ከእነርሱ በደቡብ ኢትዮጵያ በግራር አገር የሚገኙ አሉ። በጎረቤታችን በኬንያ፣ ላይኪፒያ በሚባለው አገር፣ ሮበርት ፕሪንግል የተባለ ሊቅ ስለ እነዚህ ያገኘውንና በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ያሳተመውን ነገር ብንጽፍ አንባቢው ይደነቃል። ዝሆን ግራሩን ሲሰብርና ሲልጥ ዛፉ ይሰነጠቃል፤ ይህን ጊዜ ስንጥቁ ለታናሹ ጌኮ ቤት ይሆንለታል፤ ስለዚህ ዝሆን በሰባበረው ዛፍ ላይ የጌኮው ቍጥር በርክቶ ተገኘ። የምድር ታላቁ እንስሳ ሳያውቅ ለታናሹ ቤት ይሠራል ማለት ነው። ለጌኮ መኖሪያ ማለት ጫካው በሙሉ አይደለም፤ በጫካው ውስጥ ያለችው ያች አንዲት ስንጥቅ ናት። ስንጥቋ ከሌለች ጫካው ቢኖርም ለእርሱ ባዶ ነው።

ይህ ነገር በሌላው ጎረቤታችን በታንዛንያ እንዴት ወደ ኀዘን እንደ ተለወጠ ማወቅ ያስፈልጋል። በኡሉጉሩ ተራሮች ግርጌ ኪምቦዛ የሚባል ታናሽ ደን አለ። በዚያ የሚኖረው የሊጎዳክቲሉስ ወገን ወንዱ እንደ ፈረንጅ ዕንቍ ሰማያዊ ነው፤ ሴቲቱ አረንጓዴ ናት። መኖሪያው ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የረዘመ፣ ፓንዳኑስ የሚባል ዛፍ ነው። የመልኩ ማማር ግን ጠላት ሆነበት። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ እያኖሩ ሊያዩት የሚወዱ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ስለ ተበራከቱ፣ ነጋዴዎች ደኑን ወረሩት። ጌኮው በቅጠሉ ሥር ሲሸሸግ እርሱን ለመያዝ ዛፉን ይቈርጡት ነበር። ከ2004 መጨረሻ እስከ 2009 አጋማሽ ባለው ጊዜ አንድ የሰብሳቢዎች ቡድን ብቻ ከ32,000 በላይ ጌኮዎች ከዚያ ደን እንደ ወሰደ ተቈጥሯል። አንዱን እንስሳ ለመውሰድ ቤቱን ማፍረስ ለገና ላልተወለዱትም ቤት መንፈግ ነው። በ2012 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህ ፍጥረት ሊጠፋ እጅግ መቃረቡን አስታወቀ፤ በ2016 በጆሃንስበርግ በተደረገው ጉባኤ መንግሥታት ተስማምተው ከዱር የተያዘውን ለንግድ ማዘዋወር ከለከሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የታንዛንያ ነገር እኛን ምን ያገባናል አትበል። ዝሆን በሻንጣ ውስጥ አይደበቅም፤ ጌኮ ግን በክብሪት ቤት ይደበቃል። የዝሆንን ጥርስ መርማሪው በመሣሪያ ያየዋል፤ በካልሲ ውስጥ የተጠቀለለውን እንሽላሊት ለማግኘት ግን ከመሣሪያው በላይ የሰው ዕውቀትና ትጋት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመውን ስለ ዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ የሚወስነውን ዓለም አቀፍ ውል በ1989 በአውሮፓ አቆጣጠር ተቀብላለች። በአገር ውስጥም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቍጥር 541 አለ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቍጥር 575 ተቋቁሟል። ሕጉ አለ፤ ሕጉን ሕይወት የሚሰጠው ግን በቦሌ በር የቆመው ሹም ነው። ያ ሹም ታናሹን እንሽላሊት እንደ ታላቁ አንበሳ የአገር ሀብት አድርጎ ካላየው፣ የተጻፈው አዋጅ በመዝገብ ቤት ይቀራል። ስለዚህ የቦሌ በር ለሚኒስትሩና ለእንግዳው ብቻ ሳይሆን ለጌኮውም በር ነው ያልነው ስለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ወደ ቤት እንመልሰው። በቆላ አገር ለሥራ የተሾመ ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር ሲደርስ፣ እመቤቲቱና ልጆቹ በመጀመሪያው ሌሊት በግድግዳ ላይ ጌኮ አይተው ይጮኻሉ። አሽከሩም መጥረጊያ ይዞ ይሮጣል። ይህ ፍርሀት ካለማወቅ የሚመጣ ነው። በዓለም ላይ መርዝ ያለው ጌኮ የለም። ሰውን አይናደፍም፤ ከሰውም ይሸሻል። የሚበላው ትንኝን፣ ዝንብን፣ የእሳት ራትንና በረሮን ነው፤ ይኸውም ያለ ደመ ወዝ የሚያገለግል የሌሊት ዘበኛ ማለት ነው። ነገር ግን እውነቱን በሙሉ መናገር ስለሚገባ ይህንም እንጨምራለን፤ የእንሽላሊት ወገን ሁሉ በኵሱ ሳልሞኔላ የሚባለውን የሆድ በሽታ ተሐዋስ ሊይዝ ይችላልና ምግብንና ውሃን ከድኖ ማኖር፣ የነካውንም ዕቃ አጥቦ መጠቀም፣ ልጆች በእጃቸው ከያዙት በኋላ በሳሙና እንዲታጠቡ ማድረግ ይገባል። ከመኝታ ቤት እንዲወጣ የፈለገ ሰው አምፑሉን አጥፍቶ የበረንዳውን ቢያበራ፣ ትንኙ ወደ ብርሃኑ ሲሄድ ጌኮውም ምግቡን ተከትሎ ሊወጣ ይችላል፤ ለዚህ መጥረጊያም ጫማም አያስፈልግም።

በመጽሐፈ ምሳሌ በ30ኛው ምዕራፍ ጠቢቡ በምድር ላይ ታናናሾች ሲሆኑ ጥበብ ስለ ተሰጣቸው አራት ፍጥረታት ሲናገር፣ አራተኛው በነገሥታት ቤት የሚኖረው ነው። ከተርጓሚዎች አንዳንዶቹ ይህን ሸረሪት ቢሉትም ሌሎቹ እንሽላሊት ብለውታል። ቃሉን በእንሽላሊት የተረጐሙት የምሥራቅን አገር ቤተ መንግሥት የሚያውቁ ሰዎች እንደ ሆኑ ያስታውቃል፤ በሞቃቱ አገር ንጉሥ ቢሆን ድኻ ቢሆን ጌኮ የማይጐበኘው ግድግዳ የለምና። ዘበኛው መኰንኑን እንኳ ያለ ፈቃድ በማያስገባበት አዳራሽ ያለ ጥሪ ገብቶ የሚያድር ፍጥረት በእውነት የሚያስቀና ነው።

ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ ስንመለስ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በዚህ የከተማ ክፍል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ሺህ ቤት ተሠርቷል፤ ቤት ለሌለው ሕዝብ ቤት መሥራት መልካም ሥራ ስለ ሆነ ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን አሮጌው የድንጋይ ካብ በብሎኬት ሲተካ፣ የቀጋውና የቍልቋሉ አጥር በቆርቆሮ ሲለወጥ፣ የወንዙ ዳር በፍርስራሽ ሲሞላ፣ በካቡ ላይ ፀሓይ ይሞቅ የነበረው እንሽላሊትና በአጥሩ ላይ ይራመድ የነበረው እስስት መሄጃ ያጣሉ። በላይኪፒያ ግራር ላይ እንዳየነው፣ ለእነዚህ ፍጥረታት አንዲት ስንጥቅ ማለት አንድ አገር ማለት ናት። ሲሚንቶ የሚተወው ስንጥቅ የለም፤ ሁሉን ደፍኖ ያለሰልሳል። ቤቱ ለዓይን ያማረ ቢሆንም ከሰው በቀር ማንም የማይኖርበት ከተማ ይሆናል፤ እንሽላሊቱ ሲጠፋ ደግሞ ዝንቡና ትንኙ አዳኝ አጥቶ ደስ ይለዋል።

ከዚህም በላይ የላይኛው አገር ሥራ በታችኛው አገር ይታያል። ከቦሌ ድልድይ በታች የሚያልፈው ውሃ በታላቁ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያም ወጥቶ ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽም በሞጆና በአዳማ በታች፣ በመተሐራ ሸንኮራ እርሻ አጠገብ፣ በጌኮው ገደል ሥር አልፎ በአፋር ምድር ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በገርጂ ወይም በቡልቡላ ወደ ወንዝ የተጣለ ቆሻሻ ጕዞው እንግዲህ እንደ መንገደኛው ጕዞ ከደጋ እስከ ቆላ ነው። ወደ ባሕር ወጥቶ የሚጠፋ አይደለም፤ በአገራችን ውስጥ ይዞራል፤ ሰውም ከብትም አራዊትም ይጠጡታል።

ስለዚህ በእጃቸው ሥልጣን ያለ ሹማምንት የመንደር ፕላን ሲያጸድቁ ከወንዙ ዳር ጥቂት ስፋት ያለ ምድር ሳይነካ እንዲቀር፣ በመናፈሻውም ከውጭ አገር ከመጣው አበባ ጋር የአገር ወይራና ጥድ፣ ቀጋና ካብ እንዲኖርበት ቢያደርጉ ታላቅ ገንዘብ አይጠይቃቸውም። የቤት ባለቤትም ከጓሮው በአንዱ ጥግ ያልተለሰነ የድንጋይ ካብ ቢተው ግቢውን አያዋርደውም። መምህራንም ልጆችን በአራት ኪሎ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ቤተ መዘክር ወስደው ቢያሳዩአቸው፣ ቀጥሎም በገዛ ትምህርት ቤታቸው ካብ ላይ ያለውን እንሽላሊት ቢያስመለክቱአቸው፣ ድንጋይ በመወርወር ፈንታ መመልከትን ይለምዳሉ።

የአንድ አገር ሥልጣኔ የሚለካው በፎቁ ቁመትና በመንገዱ ስፋት ብቻ አይደለም። ራሱን ሊከላከል የማይችለውን፣ ግብር የማይከፍለውን፣ አቤት ብሎ ወደ ችሎት የማይመጣውን ታናሽ ፍጥረት በምን ዓይን እንደሚያይም ይለካል። ጌኮ ከእኛ የሚፈልገው እህል ወይም ደመ ወዝ አይደለም፤ በድንጋይ መካከል የጣት ስፋት ያላትን ስንጥቅ ብቻ ነው። ይህችን ለመስጠት የሚደኸይ ቤት፣ ይህችንም ለመጠበቅ የሚቸገር መንግሥት የለም።